ሰማንያ ስምንት

ቸርችልን ሽቅብ ስል፣ ፖስታ ቤቱን አልፌ፣
ጌጁ ቀዩን ነካ፤ ደረቀብኝ አፌ።
ከኮፈኑ ጠርዝ ነጭ እንፋሎት ወጣ፤
የኋላው ሚኒባስ በጥሩንባ ተቆጣ።
«አባባ፣ ሻይ ፈልቷል!» አለኝ የፓርኪንግ ልጅ፤
እየሳቀም ቢሆን ታኮ አመጣልኝ፣ ድንጋይ፣ ለጎማ የሚበጅ።
ክዳኑን አልነካሁም፤ የጋለ ራዲያተር
ፊት ይልጣል። ቆምኩኝ፣ ከማዘጋጃ ቤት
ቁልቁል የሚወርደውን መኪና ስቆጥር።

ተክለሃይማኖት፣ እሁድ፣ በቅጡ ሳይነጋ፣
ካርቶን አነጠፍኩኝ ከሆዷ ልጠጋ።
የታች ቱቦ ስፈታ ከሳፋው ወረደ
ውሃ መሳይ ዝገት፣ ስንት ዓመት የነደደ።
አስር ቁጥር ቁልፍ፤ ቡሎን ሁለት ብቻ።
አንዱ ወዲያው ወጣ፤ አንዱ ሆነ ዘመቻ፤
ናፍጣ አጠጣሁት፣ መዶሻ አሳየሁት፣
እንደ ግትር ተከራይ በስንት ልመና አስወጣሁት።

የቴርሞስታቱን ቤት ከፍቼ አየሁ።
ጣቴን ሰደድኩ፤ ዳሰስኩ፤ ባትሪ አበራሁ።
ባዶ።

ዘርጋው ትዝ አለኝ ያኔ፣ ነፍሱን ይማረውና፣
ከስምንት ዓመት በፊት፣ ይህችኑ መኪና
ተደግፎ ቆሞ፣ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ፣
«ዘበኛ ነው» ያለኝ፣ «ውሃ የሚከለክል፤ ምን ሊያደርግልህ፣ ምን ሊያደርግ!
ለፈረንጅ በረዶ እንጂ ለእኛ አገር ምን ይረባል?»
ወረወረው ከአስፋልቱ። ቅጭል ያለው ድምፅ ዛሬም ይሰማኛል።
እኔም «አንተ ሊቅ ነህ» ብዬ
ሃምሳ ብር ጨመርኩለት፣ ከምሳዬ ቀንሼ።

ስምንት ዓመት!
ጠዋት አልሞቅ ስትል ቤንዚኑን ስረግም፣
ዳገት ላይ ስትፈላ ራዲያተር ሳሳጥብ፣ ፖምፓ ስቀይር፣ ደግሞም
ቬንትሌተሩን ስከስ፣ ያለውን ሁሉ ስጠረጥር፣
የሌለውን ግን አንድ ቀን ሳልጠይቅ።
ዘበኛ ያጣ ውሃ አቋራጩን ለምዶ
ራዲያተሩን በወጉ ሳይረግጥ ይመለሳል ለካ፣
እሳቱን እንዳዘለ፣ ወደ መጣበት ወርዶ።

ቅዳሜ ከሶማሌ ተራ የገዛሁት አዲሱ፣
ሰማንያ ስምንት ይላል ከነሐስ ልብሱ።
ሳልፈትነው አልገጥምም። ከንፈሩን በክር አስነክሼ
ድስት ውስጥ አንጠለጠልኩት፣ ቡታጋዙን ለኩሼ።
አስናቁ ደረሰች። «ቁርስህ ነው?» አለችኝ፤
ድስቷን እያየች ግን ወንበር ስባ ቀረበችኝ።
ልጃችን የትኩሳት መለኪያ ይዛ ሮጠች፤
አርባ ሁለት ላይ ያበቃል፣ የሰው ነገር። ተመለሰች።
ጋሽ ኡርጌሳ በአጥሩ ላይ፣ የድሮ የፊዚክስ አስተማሪ፦
«በእኛ ከፍታ ውሃ በዘጠና ሁለት ይፈላል፤ አደራ፣
አራት ዲግሪ ናት ያለችህ። ዓይንህን እንዳትነቅል ከሥራ!»

ማንም አልተነፈሰም።
ውሃው ከሥሩ ማልጎምጎም ያዘ።
ከንፈሩ ገርበብ አለ፤ ክሩን ለቀቀ፤
ቅጭል! አለ ከድስቱ ወለል። ያው ድምፅ። አስናቁ ሳቀች፤
እኔ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ሆዴ ባባ።

ገጠምኩት፣ ትንሿን ቀዳዳ ሽቅብ አድርጌ፣
አዲስ ጓርኒሲዮን አልብሼ፣ ጠርዙን ጠርጌ።
ውሃ ሞላሁ። አስነሳሁ። ደግሞ ሞቀች!
ተሳደብኩ፤ ልጄ ሰማች።
«አየር ነው» አለ አጥሩ።
አፍንጫዋን ወደ በሩ ዳገት አዙሬ፣ አብርጄ፣ ክዳኑን ፈትቼ፣
ማሞቂያውን ከፍቼ፣ ቱቦውን እንደ ላም ጡት ይዤ፣
ጨመቅኩ፤ ጠበቅኩ፤ ጨመቅኩ።
ቡልቅ።
ቡልቅ፣ ቡልቅ። ከዚያ ቀዝቃዛው ቱቦ
ድንገት ከመዳፌ ሥር ሞቀ።

ሰኞ፣ ቸርችል ላይ፣ መርፌዋ መሃል ቆማለች፤
ፖስታ ቤት አለፍን፣ ንቅንቅ አላለች።
ያን ዕለት በድንጋጤ ይዤው የሄድኩትን
ድንጋይ ከወንበር ሥር አውጥቼ፣ ጠራሁት ልጁን።
«ሻይስ?» አለኝ። «ዛሬ የለም።»
ድንጋዩን አየው፤ አልተቀበለኝም።
«እዚያው ጠርዙ ላይ ያኑሩት» አለኝ፣
«ዳገቱ እንደሆን አልሄደም።»